ሚሽን የሌለበት አሥር ደቂቃ

በ1999 ዓ.ም. የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ውስጥ፣ ሦስት ቴሌቪዥንና አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር ያላት የፕሌይስቴሽን ቤት ነበረች። አሥር ደቂቃ በአንድ ብር ነው። ወንዶቹ ብር አዋጥተው ሙሉ ሰዓት ይገዛሉ፤ የደረሱበትን የሚያስቀምጡበት ሜሞሪ ካርድም አላቸው። እኔ ዳቦ ልገዛ ተልኬ ከመልሱ የምትፈቀድልኝን አንድ ብር ይዤ እገባለሁ። ካርድ ስለሌለኝ ግራንድ ቴፍት አውቶ ሳን አንድሪያስ የተባለውን ጌም ሁልጊዜ ከመጀመሪያው እጀምራለሁ፤ አንዱን ሚሽን፣ ማለትም ጌሙ የሚያዘውን ሥራ፣ አጋምሼ ሌላው ሳይከተል ባለቤቱ «ልጄ፣ ሰዓትሽ አልቋል» ይለኛል። ብዙ ጊዜ ተናድጄ ወጥቻለሁ። አንድ ቀን ግን ሚሽኑን ጨርሶ ተውኩትና የጌሙን ዋና ሰው ሲጄን በብስክሌቱ አስቀምጬ፣ ማንንም ሳልነካ እስከ ባሕሩ ልውሰደው አልኩ። ደረስኩ። የዚያን ቀን ደስታ እስካሁን ትዝ ይለኛል።

ጌሙን ጨርሳችሁ ዲስኩን ላስቀመጣችሁ፣ ወይም እንደኔ ጊዜ ላጠራችሁ፣ ያን ደስታ እንዴት እንደምታገኙት ላሳያችሁ። የምናገረው ስለማውቀው ጌም ነው፤ መንገዱ ግን ሰፊ ዓለም ባለው በማንኛውም ጌም ይሠራል።

ሳን አንድሪያስ በፕሌይስቴሽን 2 የወጣው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። በውስጡ ሦስት ከተሞች አሉ፦ በሎስ አንጀለስ አምሳል የተሠራው ሎስ ሳንቶስ፣ በሳን ፍራንሲስኮ አምሳል የተሠራው ሳን ፊዬሮ፣ በላስ ቬጋስ አምሳል የተሠራው ላስ ቬንቹራስ። ሠሪዎቹ ራሳቸው ከሚሽን ውጭ ብዙ ነገር ደብቀውበታል፦ 100 የግድግዳ ጽሑፍ፣ 50 ፎቶ የሚነሳባቸው ቦታዎች፣ 50 የፈረስ ኮቴ ብረት፣ 50 የባሕር ዛጎል፣ 70 ልዩ የመኪና ዝላይ። እነዚህን መሰብሰብ ጥሩ ነው፤ አልቃወምም። ነገር ግን ቁጥሩ ሲሞላ ደስታውም አብሮ ያልቃል። እኔ የምወደው ቁጥር የሌለውን ነው።

መጀመሪያ ለራሳችሁ ሕግ አውጡ። ሁሉም ነገር በዚህ ላይ ይቆማል። ሁሉ በተፈቀደበት ከተማ ውስጥ ሰው ቶሎ የሚሰለቸው የሚከለክለው ስለሌለ ነው። ሕጉ አጭር ይሁን፤ በአንድ ትንፋሽ የማይነገር ሕግ በጨዋታ መካከል ይረሳል። ደግሞ መፍረሱ በግልጽ የሚታይ ይሁን። «በጥንቃቄ እነዳለሁ» የሚለው ሕግ አይደለም፤ «ሰው ወይም መኪና ከነካሁ ከመጀመሪያው እጀምራለሁ» የሚለው ግን ሕግ ነው። ከሁሉ በላይ አጠገባችሁ የተቀመጠ ሰው ሊመሰክር የሚችለው ይሁን። ምስክር የሌለው ሕግ ሲጠብ ሰው ራሱን ይምራል፤ እኔ ብዙ ጊዜ ራሴን ምሬያለሁ፣ በማግስቱም ያንን ጉዞ እንደ ድል ለመቁጠር አላስቻለኝም።

የመጀመሪያ ሕግ የሚሆናችሁን ልስጣችሁ። አዲስ ጨዋታ ጀምሩ። የመግቢያውን ታሪክ ቁልፍ ተጭናችሁ እለፉት፤ ደቂቃ የምትከፍሉበት ቦታ ከሆናችሁ ይህ ትልቅ ቁጠባ ነው። ሲጄ ብስክሌት አጠገብ ቆሞ ታገኙታላችሁ። ጌሙ ወደ ሠፈሩ እንድትሄዱ ይጠብቃል፤ እናንተ ግን ወደ ምዕራብ፣ ሳንታ ማሪያ ወደሚባለው የባሕር ዳርቻ ሂዱ። ወደ ባሕሩ ዘልቆ የገባ መድረክና በላዩ የቆመ ግዙፍ የመዝናኛ መሽከርከሪያ ስታዩ ደርሳችኋል። ሕጉ ሦስት ነገር ብቻ ነው፦ በቀይ መብራት ይቆማል፣ ማንም አይነካም፣ በእግረኛ መንገድ አይወጣም።

ቀላል ይመስላል። የትራፊክ መብራቱን ግን ሌሎቹ መኪኖች እንደሚያከብሩት ያን ጊዜ ነው የምታስተውሉት። ስትሮጡ ያላያችኋቸው ሰዎች ቆመው ሲያወሩ ትሰማላችሁ። የመሄጃውን ቁልፍ ደጋግሞ መምታት ብስክሌቱን ያፈጥነዋል፤ እጃችሁ ይህን ስለለመደ መጀመሪያ ላይ ትወድቃላችሁ። መድኃኒቱ ቁልፉን ያዝ አድርጎ መሄድ፣ መታጠፊያ ሳይደርሱ መልቀቅ ነው። መኪና ከኋላ ገጭቶ ቢጥላችሁስ? እኔና አጠገቤ ትቀመጥ የነበረችው ልጅ በዚህ ለሳምንት ተከራክረናል። የወሰንነው ይህ ነው፦ ቆማችሁ ሳለ የገጫችሁ አይቆጠርም፤ እየሄዳችሁ የገጫችሁ ይቆጠራል። እናንተም ለዚህ ዓይነቱ ጉዳይ ፍርድ ማበጀት ይኖርባችኋል፤ ክርክሩ ራሱ የደስታው ግማሽ ነው።

እንዲህ አዲስ በጀመራችሁት ጨዋታ ከሎስ ሳንቶስ አትውጡ። ሌሎቹ ከተሞች የሚከፈቱት ታሪኩ ሲገፋ ነው፤ ቀድማችሁ ድንበሩን ካለፋችሁ በአራት ኮከብ፣ ማለትም በብርቱ የፖሊስ ክትትል፣ ትፈለጋላችሁ፣ ፖሊሱም ሕጋችሁን ያፈርስባችኋል። ሎስ ሳንቶስ ብቻውን ለወራት ይበቃል።

ሰዓቱን ተጠቀሙበት። በሳን አንድሪያስ አንድ ደቂቃ የሚያልፈው በእኛ አንድ ሰከንድ ነው፤ አንድ ሙሉ ቀን በ24 ደቂቃ ይመሻል ይነጋል። ስለዚህ የእኔ አሥር ደቂቃ እዚያ አሥር ሰዓት ነበር። በአንድ ብር ከጠዋት እስከ ማታ የሚደርስ ቀን እገዛ ነበር ማለት ነው። ይህን ካወቅሁ በኋላ ሕጎቼን በሰዓት አሠር ጀመር፦ በማያው ላይ 18:00 ሳይል፣ ማለትም በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 12 ሰዓት ሳይሆን፣ ባሕሩ ዳር መድረስ። ደርሳችሁ ፀሐይዋ ስትጠልቅ ቁጭ ብላችሁ እዩ። በፕሌይስቴሽኑ «ሴሌክት» የሚለው ቁልፍ የካሜራውን እይታ ይቀያይራል፤ እንደ ፊልም ከሩቅ የሚያሳየው እይታ ለዚህ ሰዓት የተሠራ ይመስለኛል።

ሁለተኛው የምወደው ጨዋታ ክትትል ነው። አንድ መኪና ምረጡና ወዴት እንደሚሄድ ተከተሉት፤ ሳይነኩት፣ ሳይቀድሙት። እዚህ ላይ አንድ ምስጢር አለ። ዓይናችሁን ካነሳችሁበት ይጠፋል። ካሜራውን ወደ ኋላ አዙራችሁ ስትመለሱ መንገዱ ሌሎች መኪኖችን ይዞ ይጠብቃችኋል። ፕሌይስቴሽን 2 ያለው ዋና ማኅደረ ትውስታ 32 ሜጋባይት ብቻ ስለሆነ፣ ጌሙ መላውን ከተማ በአንድ ጊዜ መሸከም አይችልም፤ በዙሪያችሁ ያለውን ብቻ ይዞ ሌላውን ይጥላል። የምትነዱት ዓይነት መኪና በመንገዱ ላይ የሚበዛውም ለዚህ ነው፤ አስቀድሞ የተጫነ ስለሆነ ጌሙ ደጋግሞ ያወጣዋል። ስለዚህ ለክትትል የሚሆነው ሕግ «ዓይን አይነሣ» ነው። ልጅ ሆኜ መኪናው ቤቱ የሚገባ ይመስለኝ ነበር። የሚገባበት ቤት የለውም። ቢሆንም ከአንዱ ሠፈር ወደ ሌላው ሲያሻግረኝ ብቻዬን የማልመርጣቸውን መንገዶች አሳይቶኛል።

ሦስተኛው ወሬ ማጣራት ነው፤ ለዚህ ደብተር ያስፈልጋችኋል። ያን ጊዜ ልጆቹ ሁሉ ደብተር ነበራቸው፣ ግን የሚጽፉበት ኮድ፣ ማለትም ጌሙን የሚያታልል የቁልፍ ቅደም ተከተል፣ ነበር። እኔ ገጹን በመስመር ለሁለት ከፍዬ በአንዱ በኩል «የሰማሁት»፣ በሌላው «ያየሁት» ብዬ ጻፍኩበት። «የሰማሁት» ቶሎ ሞላ። በጫካው ውስጥ ቢግፉት የሚባል ፀጉራም ግዙፍ ፍጡር አለ። ሰው የሌለበት መኪና በሌሊት ራሱን ይነዳል። በሳን ፊዬሮ ድልድይ አናት ላይ የተሰቀለ ጽሑፍ አለ። ሦስቱንም የሚምል ልጅ ነበር።

ማጣራት ማለት ቦታው ድረስ ሄዶ፣ ቀንም ሌሊትም፣ ደጋግሞ ማየት ነው። ካርድ የነበረው አንድ ልጅ በደብተሬ ተማምኖ ጨዋታውን አበደረኝና ባክ ኦ ቢዮንድ ወደሚባለው ጫካ ገባን። መኪናው እውነት ነበር! ያረጀ፣ የተጨራመተ ግሌንዴል የሚባል መኪና፣ ሹፌር የሌለው፣ በዛፎቹ መካከል ወደ እኛ ወረደ። ከአግዳሚው ላይ ሁለት ልጆች ተነሥተው ወጡ። እኛ ግን ተመልሰን በቀን ሄድን፤ በቀንም ወረደ። ቆመን መሬቱን ስናይ ዳገት ነው። ጌሙ መኪናውን የሚያስቀምጠው ተዳፋት ላይ ነው፤ ሰው ሲቀርብ መኪናው ይታያል፣ ፍሬን የያዘለት ስለሌለ ይንከባለላል። ከቸርችል ጎዳና አናት፣ ከማዘጋጃ ቤቱ ፊት፣ ፍሬን ሳይያዝ የቆመ መኪና ወደ ብሔራዊ ቲያትር ቁልቁል ቢሄድ ማንም ሰይጣን ነው አይልም። «ያየሁት» በሚለው በኩል በትልቁ ጻፍኩት፤ ምክንያቱ ሲታወቅ ደስታው አልቀነሰብኝም፣ እንዲያውም ጨመረ።

የድልድዩም ጽሑፍ አለ። ጋንት ድልድይ አናት ላይ በሄሊኮፕተር ብትወጡ፣ እዚህ የተደበቀ ነገር የለምና ሂዱ የሚል ሰሌዳ ታገኛላችሁ። ቢግፉት ግን በሳን አንድሪያስ የለም፤ ሠሪዎቹም የለም ብለዋል። ያው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው አምስተኛው ግራንድ ቴፍት አውቶ ውስጥ ግን አስገብቶታል። ይህንንም ስላወቃችሁ ጫካውን አትተዉት። የሌለ ነገር ስፈልግ ቺሊያድ ተራራን በእግሬ ወጥቻለሁ፣ አናቱም ላይ ፓራሹት ተቀምጦ አግኝቻለሁ። ከዚያ መዝለል ደግሞ ለራሱ አንድ ቀን የሚገባው ነገር ነው።

ስለ ኮድ አጭር ምክር። ኮድ ካስገባችሁ በዚያ ጨዋታ ላይ ሴቭ አታድርጉ። ከተማውን ሁሉ የሚያሳብደው የሁከት ኮድ አብሮ ከተቀመጠ አይጠፋም፤ ካርድ ያበደረኝ ልጅ የወራት ልፋቱን ያጣው በዚህ ነው። መብራት ሊጠፋ እንደሚችልም አስቡ፤ በሴቭ መካከል የጠፋ መብራት ካርዱን ሊያበላሽ ስለሚችል፣ መብራቱ ብልጭ ድርግም ማለት ከጀመረ ጠብቁ።

ያች ቤት ዛሬ የለችም። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አሮጌ ሠፈሮች ሲፈርሱ ዶሮ ማነቂያም አብሮ ፈረሰ፤ የቆመችበትን ቦታ አሁን በትክክል መጠቆም ያቅተኛል። የሎስ ሳንቶስን የባሕር ዳርቻ ግን ዓይኔን ጨፍኜ አገኘዋለሁ። ይህ ያሳዝነኛል፤ ስለዚህ በደብተሬ መጨረሻ ገጾች ላይ የዶሮ ማነቂያን መንገዶችም ጽፌያለሁ፦ ዳቦ ቤቱን፣ ቁልቁለቱን፣ የፕሌይስቴሽን ቤቷን አግዳሚ ወንበር።

አሁን የምጫወተው አራት ኪሎ፣ እኅቴ ቤት፣ ከአሥራ አንድ ዓመት ልጇ ጋር ነው። አሮጌ ፕሌይስቴሽን 2 እና ሁለት ጆይስቲክ አለን። ጌሙ ለሁለት ሰው የሚሆን ጨዋታም አለው፤ በከተማው ውስጥ ምልክቱን ፈልጋችሁ ስትገቡበት ሁለታችሁም በአንድ ማያ ላይ ትሆናላችሁ፣ መራራቅ ግን አይቻልም። ልጆች ካሏችሁ ከዚህ የሚበልጠውን ልንገራችሁ፦ አንዱ ይጫወት፣ ሌላው ዳኛ ይሁን። ተኩሱን ሁሉ አስቀርተን የምንጫወተውም ሕጋችን መሣሪያ ስለሚከለክል ነው፤ እናቱም በዚህ ሕግ ነው የፈቀደችልን። ጌሙ በራሱ ለልጅ የተሠራ አይደለምና ልጁን ብቻውን አትተዉት።

ዳኛው ጥብቅ ነው። «አክስቴ፣ ቀይ ነው፤ ቁሚ!» ይለኛል።

«አየሁት ልጄ፣ ቆሜያለሁ።»

«አልቆምሽም፤ የፊት ጎማሽ መስመሩን አልፏል።»

ተመልሼ እጀምራለሁ።

በዚህ ቅዳሜ ሕጉን ያወጣው እሱ ነው። ባቡሩን ከዩኒቲ ጣቢያ ይዤ መላውን አገር ልዞር፣ በአምስቱም ጣቢያዎች ሙሉ በሙሉ ልቆም፣ ከሐዲዱ ሳልወጣ ወደ ዩኒቲ ልመለስ። ባቡሩ በመታጠፊያ ላይ ከፈጠነ ከሐዲዱ ይወጣል፤ ስለዚህ ቁልቁለት ከመጀመሩ በፊት ቁልፉን ለቅቃችሁ በራሱ ጉልበት እንዲሄድ ተዉት፣ የጣቢያው ጣሪያ ከሩቅ ሲታይ ደግሞ ፍሬኑን በትንሽ በትንሹ ንኩ። እኔ እስካሁን አራት ጣቢያ ደርሻለሁ። ደብተሩ እሱ ጋ ነው፤ «ያየሁት» በሚለው በኩል «አክስቴ፣ አራት» ብሎ ጽፎ ለአምስተኛው ቦታ ትቶልኛል።