ኮዱ 0፣ ባክአፑ ግን ግማሽ

ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል። ማታ ማታ የሚሮጠው የባክአፕ ስክሪፕት ኤግዚት ኮዱ (ፕሮግራም ሲያበቃ የሚመልሰው ቁጥር) 0 ነው፤ ሁሉም ሰላም ማለት ነው። ፋይሉን ስከፍተው ግን ግማሹ ዳታ የለም።

ዲስኩ የሞላ መሰለኝ፤ አልሞላም። ፐርሚሽን ነካካሁ። ዳታውን የሚጨምቀውን ጂዚፕን እንደ አዲስ ጫንኩት። ወፍ የለም።

ስክሪፕቱ ውስጥ ራሴ የጻፍኩት የፓይተን ፕሮግራም ከዳታቤዙ ያነበበውን በፓይፕ (|) ለጂዚፕ ያቀብላል። ስክሪፕቱን የሚያስኬደው ባሽ ደግሞ ኤግዚት ኮድ በሚያኖርበት $? ላይ የሚያስቀምጠው የፓይፑን የመጨረሻ ትዕዛዝ ኮድ ብቻ ነው። ፓይተኑ መንገድ ላይ ሞቷል፤ ጂዚፕ ግን የደረሰውን ያህል ጨምቆ በሰላም ይወጣል። ስክሪፕቱ አናት ላይ ፓይፕፌይል የሚባለውን የባሽ አማራጭ (ፓይፑ ውስጥ የወደቀ ትዕዛዝ ካለ ኮዱን የሚያሳየውን) ሳበራ 137 ብቅ አለ።

ኮዱ ከ128 በላይ ከሆነ 128 ቀንሱለት፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚተርፈው ፕሮግራሙን የገደለው ሲግናል (ለፕሮግራም የሚላክ ምልክት) ቁጥር ነው። እዚህ 9 ተረፈ፣ ሲግኪል፤ በግድ የሚገድለው ሲግናል። ማን ገደለው? የከርነሉን (የሊኑክስ እምብርት) ሎግ ሳይ ሚሞሪ አልቆ ራሱ ሊኑክስ ነው የገደለው። ለካ ፕሮግራሜ ሠንጠረዡን በሙሉ ራም ላይ ይጭን ኖሯል! በ1000 ረድፍ እየከፈለ እንዲያነብ አደረግኩት። አሁን 0 ሲል እውነቱን ነው።

ፓይፑ ረጅም ከሆነ ፓይፕስታተስ የሚባለውን የባሽ አሬይ (ዝርዝር) እዩ፤ የእያንዳንዱን ትዕዛዝ ኮድ በተራ ይዟል። ግን ወዲያው አንብቡት፣ ቀጣዩ ትዕዛዝ ያጠፋዋል።