«ገደፍኩ» የሚያሰኝ ማስታወቂያ ቤታችሁ ሲገባ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ የሀገር ልብስ ሰፊ ነኝ። በዚህ ሥራ 19 ዓመት ሆነኝ። ሜትሬን አንገቴ ላይ ጣል አድርጌ ደረት፣ ወገብ፣ ዳሌ ስለካ እውላለሁ። ሴት ስትለካ ደግሞ ዝም አትልም። «ቦርጬን እንዳታዪው»፣ «ከበዓል በኋላ ብትለኪኝ ይሻላል»፣ «ትናንት ብዙ በልቼ ነው» ትላለች። ድሮ እንዲህ የሚሉኝ ጥቂት ነበሩ። አሁን 16 ዓመት ያልሞላት ልጅ ሳትቀር ይቅርታ እየጠየቀችኝ ነው የምትለካው። ለምኑ ነው ይቅርታው? በልታለች። ሌላ ጥፋት የለባትም።

ያለፈው ፋሲካ የእህቴ ልጅ ከባሕር ዳር መጣች። ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ናት። ሁዳዴን 55ቱንም ቀን ጾማ ነው የመጣችው። በማግስቱ ሰኞ ጠዋት ከድፎ ዳቦው አንድ ቁራሽ በላችና ፊቷ ጥቁር አለ። «እትዬ፣ ገደፍኩ» አለችኝ።

ደነገጥኩ። በዓለ ሃምሳ ነው። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። ምኑን ነው የገደፈችው? ስልኳን ከፍታ አሳየችኝ። አንዲት ቀጭን ልጅ ዳቦ ወደ ቆሻሻ ቅርጫት ትጥላለች። ከዚያ «ሆዳምነትሽን መቼ ነው የምታቆሚው?» የሚል ጽሑፍ ይመጣል። ከዚያ የሻይ ፓኬት። ከዚያ ስልክ ቁጥር። የጾማችንን ቃል ወስደው ሻይ ሸጡበት ማለት ነው።

ከእሷ ጋር እነዚያን ሳምንታት ያለፍንበትን መንገድ ነው የምጽፍላችሁ። እህት፣ ልጅ፣ ጓደኛ ወይም ራሳችሁ በዚህ ውስጥ ካላችሁ ሞክሩት።

መጀመሪያ ቃሉን ያዙ

ማስታወቂያው ሲመጣ ሥዕሉን ተዉትና ቃሉን ስሙ። እያንዳንዱን ቃል «ይህ ስለ ምግቡ ነው ወይስ ስለ እኔ?» ብላችሁ ጠይቁት። እኛ የልብስ ንድፍ ከማወጣበት ወረቀት ቆርጠን መሐሉን አሰመርነው። በግራ ስለ ምግቡ፣ በቀኝ ስለ እኔ። የዚያችን የአንድ ደቂቃ ማስታወቂያ ቃላት አንድ በአንድ ጻፍናቸው። በቀኝ በኩል «ሆዳም»፣ «ሰነፍ»፣ «ጸጸት»፣ «ራስሽን አታከብሪም» የሚሉ ሞሉት። በግራ በኩል የገባው «ተፈጥሯዊ» የሚል አንድ ቃል ብቻ ነው። እሱም ቢሆን ምንም አይነግርም። ኮሶም ተፈጥሯዊ ነው፤ ከልኩ ሲያልፍ ግን ሰው ይጎዳል።

«ያለ ጸጸት ይብሉ» የሚለውን በተለይ ተጠንቀቁት። የፈረንጆቹ «ጊልት ፍሪ» ነው፤ ከበደል ነጻ ማለት ነው። ደግ ቃል ይመስላል። ግን አንዱ ብስኩት ከበደል ነጻ ከሆነ ሌላው እንጀራ በደል አለበት ማለት ነው። መጀመሪያ ጸጸቱን ይሰጧችኋል፤ ከዚያ መፍትሔውን በፓኬት ይሸጡላችኋል። በቪዲዮዎቹ ላይ «ቺት ደይ» የሚሉትም አለ። የማጭበርበሪያ ቀን ማለት ነው። የእህቴን ልጅ «በዓል ቀን ዶሮ ስትበይ ማንን ነው የምታጭበረብሪው?» አልኳት። መልስ አጣች። ለእኔ ትልቁ በር የተከፈተው እዚያ ላይ ነው።

ጾምን ከዚህ ለዩት

«ጾመኞች ነን፣ ምግብ መተው ምን አዲስ ነገር አለው?» የሚሉኝ አሉ። እናቴም እንዲሁ አለችኝ። ይህን ቶሎ ማለፍ አልፈልግም፤ ልጆቻችን የሚታለሉት እዚህ ላይ ነውና።

ጾም ቀን አለው። መግቢያው ይታወቃል፣ መፍቻው ይታወቃል። ሕፃንና ሕመምተኛ አይገደድበትም። ጎረቤቱ ሁሉ አብሮ ይጾማል፣ አብሮ ይፈታል። እናቴ የፋሲካ ሌሊት ከዶሮው በፊት ሆዳችንን እንዲያለዝብ ተልባ ታጠጣናለች። ማንም «ስንት ኪሎ ቀነስሽ?» ብሎ አይጠይቅም። ሲፈታ ደስታ ነው።

የማስታወቂያው ጾም ፋሲካ የለውም። 5 ኪሎ ስትቀንሱ ሌላ 3 ኪሎ ይመጣል። ቦርጩ ሲጠፋ ክንድ ይቀራል። ብቻችሁን ትገቡበታላችሁ፣ ብቻችሁን ትገድፋላችሁ፣ ብቻችሁን ትጸጸታላችሁ። ስለዚህ «ገደፍኩ» የሚለው ቃል ከቤተ ክርስቲያን ጾም ውጭ ቤታችን ውስጥ እንዳይነገር ተስማማን። ቤታችሁ ላይ ይህን አንድ ነገር ብቻ ብታደርጉ እንኳ ለውጡን ታያላችሁ። ልጅቷ ቃሉ ሲያመልጣት እናርማታለን። «ገደፍኩ» ሳይሆን «ዳቦ በላሁ» ትበል። የሆነውም እሱ ነው።

ልጅቷ ምግብ በተወች ቁጥር ስለ ምግብ ማሰቧ ይብስባት ነበር። ሌሊት የኬክ አሠራር ታያለች። ይህ የእሷ ድክመት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1944 እና 1945 በአሜሪካ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ 36 ጤነኛ ወንዶች በፈቃዳቸው ለወራት ምግባቸው በግማሽ ገደማ ተቀንሶ ተጠንተው ነበር። እነዚያ ሰዎች ወሬያቸውም ንባባቸውም ምግብ ሆነ። የምግብ አሠራር መጽሐፍ ማገላበጥ የጀመሩም ነበሩ። ሰውነት ሲራብ የሚያደርገው ይህን ነው። ይህን ስነግራት አለቀሰች። ስለራባት ነው እንጂ ሆዳም ስለሆነች አይደለም ብሎ የነገራት ሰው አልነበረም።

የፓኬቱን ጀርባ አንብቡ

የፓኬቱ ፊት የሻጩ ነው። እናንተን የሚጠቅመው ጀርባው ላይ ያለው ትንሹ ጽሑፍ ነው።

ዘይት ላይ «ኮሌስትሮል የለውም» ይላል። እውነት ነው። ግን ኮሌስትሮል ያለው ከእንስሳት በሚገኝ ምግብ ነው። ከኑግም ተጨመቀ ከሱፍ፣ የአትክልት ዘይት ድሮም አልነበረበትም። ደግሞ የትኛውም ዘይት በአንድ የሾርባ ማንኪያ 120 ካሎሪ ገደማ አለው። ጽሑፉ ያለበትን ብላችሁ ብዙ ገንዘብ አትጨምሩ።

ብስኩት ላይ «ስብ የቀነሰ» ካለ፣ ስቡ ሲወጣ ጣዕሙ እንዳይጠፋ ስኳር ወይም ስታርች ተጨምሮ ሊሆን ይችላል። ስኳር በብዙ ስም ይጻፋል፤ ግሉኮስ ሽሮፕ፣ ዴክስትሮስ፣ ማልቶስ የሚሉትን ፈልጉ። የካሎሪው ቁጥር ለስንት ግራም እንደተጻፈም እዩ። ለ30 ግራም ከተጻፈና ፓኬቱ 120 ግራም ከሆነ፣ ሁሉንም የበላ ሰው ቁጥሩን በ4 ያባዛል።

«ዜሮ» ወይም «ዳይት» የሚባሉትን ለስላሳዎች በተመለከተ፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በግንቦት 2023 ባወጣው መመሪያ ክብደት ለመቆጣጠር ተብሎ ስኳር አልባ ማጣፈጫ መጠቀምን አይመክርም። መመሪያው ቀድሞ የስኳር ሕመም ያለባቸውን አይመለከትም። ስኳር ያለባት ደንበኛ አለችኝ። እሷ ጀርባውን የምታነበው ሐኪሟ ባሳያት መንገድ ነው፤ ትለካለች፣ ትወስናለች፣ ትበላለች። ጸጸት የሚባል ነገር አላየሁባትም። ጥንቃቄና ጸጸት እንደሚለያዩ የተማርኩት ከእሷ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። አያቴ ቡሬ አካባቢ ነበረች። የዳጉሳ እንጀራ የምትበላው ጤፍ ሲያጥር ነው። አሁን ያንኑ ዳጉሳ በትንሽ ፓኬት አድርገው «የዳይት ዱቄት» ብለው ሲሸጡት አየሁ። ዳጉሳ ድንቅ እህል ነው። በካልሲየም ከእህሎች ሁሉ ይበልጣል። ግን ገበያ ሄዳችሁ በኪሎ ግዙት። ጣፍጧችሁ ብሉት እንጂ ቅጣት አታድርጉት።

ሻዩን አትጠጡ

እዚህ ላይ እለምናችኋለሁ። ከዓመታት በፊት አንዲት ሙሽራ ልብሷን ልትሞክር ሦስተኛ ጊዜ መጣች። ወገቡ በሁለት ሳምንት ሰፍቷት ነበር፤ እንዳጠብላት ደስ እያላት ጠየቀችኝ። መርፌ ልወጋበት ጎንበስ ስል እላዬ ላይ ወደቀች። ከአንድ ሻጭ በስልክ ያዘዘችውን «የቦርጭ ማጥፊያ ሻይ» በቀን ሦስቴ እየጠጣች ነበር።

ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ሻዮች ውስጥ ያለው ሰና ነው። ሰና የሆድ ድርቀት ማስለቀቂያ ነው፤ ለጥቂት ቀን ይረዳል። የሚሠራው ትልቁ አንጀት ላይ ነው። በዚያን ጊዜ ትንሹ አንጀት ከምግቡ የሚወስደውን አብዛኛውን ወስዷል። የሚወጣው ውኃ ነው። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ይመዝናል፤ ሚዛኑ የቀነሰው ለዚያ ነው። ስቡ እዚያው አለ። ከውኃው ጋር ፖታሲየም የሚባል ማዕድን ይወጣል፤ እሱ ሲያንስ ደግሞ ልብ ይታወካል።

ከዚህም የከፋ አለ። ሲቡትራሚን የሚባል መድኃኒት ልብን ስለሚጎዳ እ.ኤ.አ. በ2010 ከአውሮፓና ከአሜሪካ ገበያ ወጥቷል። ከዚያ በኋላም «ተፈጥሯዊ ማክሻ» ተብለው በሚሸጡ ነገሮች ውስጥ ሳይጻፍ ተደብቆ ተገኝቷል። ስለዚህ ውስጡ ያለው ያልተጻፈበትን፣ ማን እንዳመረተው የማይታወቀውን አትቅመሱ። በሀገራችንም በ2004 ዓ.ም. የወጣው የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። ስታማርሩ ሕግ ከጎናችሁ ነው።

ስልኩንና አፋችንን እናጽዳ

ስልኩ ቀላል ነው። ቪዲዮውን እስከ መጨረሻ አትዩ። ለመሳደብ እንኳ ኮሜንት አትጻፉ፤ ስልኩ የሚቆጥረው ማየታችሁንና መጻፋችሁን ነው። ተጭናችሁ ያዙትና «አልፈልግም» የሚለውን ምረጡ። የእህቴ ልጅ ይህን በየቀኑ አደረገች። ቀስ በቀስ ስለ ሽመናና ስለ ፀጉር ሥራ ይመጣላት ጀመር።

አፋችን ግን ይከብዳል። ድሮ እኛ ዘንድ «ወፈርሽ» ማለት «ደህና ኖርሽ፣ አማረብሽ» ማለት ነበር። አሁን ስድብ ሆኖ ይሰማል። ስለዚህ ሰው ስትቀበሉ «ወፈርሽ»ንም «ከሳሽ»ንም ተዉ። «ከሳሽ፣ አማረብሽ» የሚለው ሙገሳ ያቺን ሙሽራ ሻዩን እንድትቀጥል ያደረጋት ነው። «እንኳን ደህና መጣሽ» ይበቃል።

ማዕድ ላይ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ አለ። የኛ ሰው ፍቅሩን በምግብ ነው የሚገልጸው። «በሞቴ»፣ «አፈር ስሆን» ብሎ ያጎርሳል። ምግብ የሚያስጨንቃት ልጅ ላይ ይህ አይሠራም። የጎረሰችውን እየቆጠረች ሌሊቱን ሙሉ ትጨነቃለች። እናቴ ይህን ለመተው በጣም ተቸግራለች። እኛ ያደረግነው እንዲህ ነው። ሳህን ሳናደርግላት በአንድ ትሪ ቀረብን። ስለ ምግቡ ወሬ አቆምን። የምትበላውን አላየንባትም። ስለ ትምህርቷ፣ ስለ ጓደኞቿ፣ ከጮቄ ስለሚወርደው ብርድ እናወራለን። ከቡና ጋር ቆሎ ቀረበ፣ ሁላችንም ዘገንን። ሁለት ሳምንት ሲሆነን ያንን ቆሎ ሳትቆጥር ስትዘግን አየኋት።

በቤት ብቻ የማይያዝም አለ። ልጅቷን እየደጋገመ ካዞራት፣ የወር አበባዋ ከቀረ፣ በልታ መጸዳጃ ቤት እየገባች የምታስመልስ ከሆነ፣ ምግብ የምትደብቅ ከሆነ፣ ሐኪም ቤት ውሰዷት። «ጸሎት ይበቃታል» ወይም «ጠባይ ነው» ብላችሁ አትቆዩ። ጸበሉም ሐኪሙም አብረው ይሄዳሉ።

ልብስ ስታሰፉ

ይህ የሙያዬ ነው። ወገብ ጠዋት 3 ሰዓት እና ከምሳ በኋላ 9 ሰዓት ላይ አንድ አይደለም። በአንዲት ሴት ላይ የሁለት ሳንቲም ልዩነት ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። የወር አበባ ሲቃረብም ይጨምራል። ሰውነት እንዲህ ነው የተሠራው። ስለዚህ ምሳ በልታችሁ ተለኩ። ሆዳችሁን አትሳቡ፤ ትንፋሻችሁን ለቃችሁ ቁሙ። «ስከሳ ይሆነኛል» ብላችሁ አጥብቃችሁ አታሰፉ። ያ ቀሚስ ቁም ሳጥን ውስጥ ተሰቅሎ በየቀኑ ይገሥጻችኋል። ሰፊያችሁን ቁጥሩን ጮክ ብላ እንዳትጠራ ንገሯት። እኔ አሁን ደብተሬ ላይ ጽፌ እዘጋዋለሁ። በጎንና በጎኑ ስፌት ውስጥ ሦስት ሦስት ሳንቲም ትርፍ ጨርቅ እንድትተውላችሁም ጠይቁ። ሲያስፈልግ በግማሽ ሰዓት ይፈታል፣ ይሰፋል። ዋጋም አይጨምርም።