በባህር ጠረፍ ከተማ የውሃ ላይ ስፖርት የት ልጀምር?

ሙቀቱ ሲመጣ የባህር ጠረፍ ከተማ ነዋሪም እንግዳም ወደ ውሃው ይወርዳል። አንዱ ሰሌዳ ላይ ቆሞ ይቀዝፋል፣ ሌላው በካይት፣ ማለትም ንፋስ በሚያበረው ትልቅ ሸራ እየተጎተተ ይከንፋል፣ ራቅ ብሎ ደግሞ ጄት ስኪ፣ ያ ውሃ ላይ የሚነዳ ሞተር ያጓራል። ጀማሪ ይህን አይቶ መጀመሪያ የሚጠይቀው «የትኛውን ስፖርት ልሞክር?» ብሎ ነው። እኔ ግን ከስፖርቱ በፊት ውሃው ይመረጥ ባይ ነኝ። ካያክ፣ ማለትም በመቅዘፊያ የሚነዳ ጠባብ ጀልባ፣ በተኛ ውሃ ላይ መዝናኛ ነው። ያው ካያክ ክፍት ባህር ላይ ንፋስ ሲነሳበት ጣጣ ይሆናል።

1. ካርታውን ክፈቱ

ስልካችሁ ላይ ካርታ ክፈቱና የሳተላይት ምስሉን ምረጡ። ጠረፉን ከከተማዋ አንድ ጫፍ እስከ ሌላው ተከተሉት፤ ከከተማዋ ወጣ ብላችሁም እዩ። የምትፈልጉት ባህሩ ወደ መሬት የገባበትን፣ በድንጋይ ግንብ የተከለለውን ወይም ፊት ለፊቱ ደሴት ያለውን ቦታ ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ከሞገድ ይጠበቃል።

ሁለት ቦታዎችን ከወዲሁ ሰርዙ። አንዱ የመርከብ መግቢያ ነው፤ ትልቅ መርከብ እናንተን ቢያይ እንኳ ቶሎ መቆም አይችልም። ሌላው ወንዝ ከባህር የሚገናኝበት አፍ ነው። ፎቶ ላይ ያምራል። የባህሩ ውሃ መጉደል ሲጀምር ግን እዚያ ያለው ጅረት ይበረታና ወደ ባህር ይዞ ይወጣል።

2. ስፖርቱን ከውሃው ጋር አዛምዱ

የተኛ ውሃ ካገኛችሁ ፓድል ቦርድ (ቆመው የሚቀዝፉበት ሰሌዳ) ወይም ካያክ ይሻላል። ካያክ ለጀማሪ የሚመቸው ላዩ ላይ የሚቀመጡበት ዓይነቱ ነው። ቢገለበጥ ውስጡ ተይዛችሁ አትቀሩም፤ መልሳችሁ ትወጡበታላችሁ።

ውሃው ጥርት ያለ፣ ዳሩ ድንጋያማ ከሆነና ሞገድ ከሌለው ስኖርክሊንግ ሞክሩ፤ በጭምብልና በመተንፈሻ ቱቦ ውሃው ላይ ተንሳፍፎ ታችን ማየት ነው። ጭምብሉን ከመከራየታችሁ በፊት ማሰሪያውን ሳትጠቀሙ ፊታችሁ ላይ ለጥፉትና በአፍንጫችሁ አየር ሳቡ። ሳይወድቅ ከቆየ ልክ ነው። ከወደቀ ሌላ ይስጧችሁ። የጺም ፀጉር አየር ስለሚያስገባ ጺማም ሰው በዚህ ትንሽ ይቸገራል።

አሸዋማ ሆኖ ለስለስ ያለ ሞገድ የሚሰበርበት ዳርቻ የሰርፊንግ፣ ማለትም በሰሌዳ ሞገድ ላይ የመንሸራተት ነው። ርዝመቱ 2.4 ሜትር ወይም ከዚያ በላይ የሆነ፣ ላዩ ስፖንጅ የመሰለ ሰሌዳ ጠይቁ። አጭሩና የሚያብረቀርቀው ሰሌዳ ያጓጓል፤ ለጀማሪ ግን አይሆንም። መጀመሪያ ወገብ ድረስ በሚደርስ ውሃ፣ ሞገዱ ተሰብሮ ነጭ አረፋ ከሆነ በኋላ ነው የሚለማመዱት።

ሰፊ፣ ጥልቀት የሌለውና ንፋስ የማያጣው ቦታ የዊንድሰርፊንግ (ሸራ በተተከለበት ሰሌዳ የሚሄዱበት) እና የካይት ነው። ካይት ግን ተከራይቶ የሚሞከር ነገር አይደለም። ገመዱ ብዙውን ጊዜ 20 ሜትርና ከዚያ በላይ ነው፤ ካይቱ ድንገት ሰው አንስቶ መሬት ላይ ሊፈጠፍጥ ይችላል። ያለ አሰልጣኝ አትንኩት። ጄት ስኪን በተመለከተ ብዙ የምለው የለኝም፤ አንዳንድ አገር ፈቃድ ስለሚጠይቅ አስቀድማችሁ አጣሩ።

3. ንፋሱን ሳታዩ ከቤት አትውጡ

አብዛኛው ሰው ፀሐይ መኖሯን አይቶ ይወጣል። ችግር የሚያመጣው ግን ንፋሱ ነው። የአየር ትንበያ መተግበሪያ ላይ ሁለት ነገር እዩ፤ ፍጥነቱንና አቅጣጫውን። ፍጥነቱ ብዙ ጊዜ በኖት ነው የሚጻፈው። 1 ኖት በሰዓት 1.85 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ለጀማሪ ፓድል ቦርድ ከ10 ኖት በታች ይሁን፤ ከዚያም ዝቅ ቢል የተሻለ ነው።

በሙቀት ወራት ጠዋት ላይ ባህሩ ብዙ ጊዜ ዝም ይላል። ቀኑ እየሞቀ ሲሄድ መሬቱ ከውሃው ቀድሞ ይግላል፤ በላዩ ያለው አየር ወደ ላይ ሲወጣ ቀዝቃዛው የባህር አየር ሊተካው ይገባል። ከሰዓት በኋላ የሚነሳው ንፋስ ይሄ ነው። ስለዚህ ለመቅዘፍ ማለዳ፣ ለዊንድሰርፊንግ ደግሞ ከሰዓት።

አቅጣጫውን ለማወቅ አሸዋው ላይ ቆማችሁ ፊታችሁን ወደ ባህሩ አዙሩ። ንፋሱ ፊታችሁን ከመታ ወደ ዳር ይገፋችኋል፤ ከባድ ቢሆንም አይወስዳችሁም። ጀርባችሁን ከመታ ግን ያ ቀን ይቅርባችሁ። የሚያታልለው ደግሞ ይሄኛው ነው። ከመሬት ወደ ባህር ሲነፍስ ዳሩ ላይ ሞገድ ስለማይኖር ውሃው መስታወት ይመስላል። ትንሽ ፈቀቅ ስትሉ ንፋሱ ይበረታል፤ ዞር ስትሉ ዳርቻው ርቋል። አየር የተሞላ ፍራሽና መጫወቻ ይዘው ገብተው ርቀው የሚወሰዱ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ በእንዲህ ያለ ቀን ነው።

4. ባንዲራውንና ውሃውን አንብቡ

ቀይና ቢጫ ባንዲራ በብዙ አገር የነፍስ አድን ሠራተኛ የሚጠብቀውን የዋና ክልል ያሳያል። ጥቁርና ነጭ በአራት ማዕዘን የተከፈለው ደግሞ የሰሌዳ ስፖርተኞች ክልል ነው። ሙሉ ቀይ ከሆነ አትግቡ።

ቀጥሎ ሞገዱን ለጥቂት ደቂቃ ቆማችሁ ተመልከቱ። ግራና ቀኙ ነጭ አረፋ እየሰበረ መሃል ላይ ጠቆር ያለ፣ ጸጥ ያለ ክፍተት ካያችሁ መግቢያ በር ይመስላችኋል። አይደለም። ወደ ዳር የመጣው ውሃ ወደ ባህር የሚመለስበት ጅረት ነው፤ ጎበዝ ዋናተኛም አይችለውም። ከወሰዳችሁ ፊት ለፊት ወደ ዳር አትታገሉት። ተንሳፈፉ፣ እጃችሁን አንስታችሁ እርዳታ ጥሩ። አቅም ካላችሁ ከዳርቻው ጎን ለጎን ዋኝታችሁ ከጅረቱ ውጡ። ሰሌዳ ካላችሁ በምንም ምክንያት እንዳትለቁት።

5. አከራዩን ፈትኑት

ከመክፈላችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። ዛሬ ንፋሱ ወዴት ነው? የት ድረስ ነው የምሄደው? ብቸገር ማን ይመጣልኛል? ጥሩ አከራይ እናንተ ሳትጠይቁት እሱ ነው ዋና ትችላላችሁ ወይ ብሎ የሚጀምረው። ሒሳብ ተቀብሎ መቅዘፊያ ብቻ የሚያቀብል ከሆነ ቀጣዩ ጋ ሂዱ።

ላይፍ ጃኬቱን ለብሳችሁ ዚፑን ዝጉ፤ ሰው ትከሻው ላይ ይዞ ወደ ላይ ይሳበው። አገጫችሁ ጋ ከደረሰ ሰፍቷችኋል። ሰሌዳውን ከእግር ጋር የሚያያዘውን ገመድም እሰሩ፤ ብትወድቁ ሰሌዳው አያመልጣችሁም። ጅረት ባለበት ውሃ ግን የእግር ገመድ እንቅፋት ላይ ተጠምጥሞ ሊይዝ ስለሚችል፣ ወገብ ላይ ታስሮ በአንድ መሳብ የሚፈታውን ጠይቁ።

6. ፓድል ቦርድ ላይ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች

ውሃው ጉልበታችሁን እስኪያልፍ ሰሌዳውን ይዛችሁ ግቡ፤ ከሥሩ ያለው ክንፍ አሸዋ እንዳይነካ። መሃሉ ላይ፣ መያዣው አካባቢ በጉልበታችሁ ውጡና ትንሽ ቅዘፉ። ሰሌዳው መሄድ ሲጀምር ለመቆም ይቀላል፤ ዝም ብሎ የቆመ ሰሌዳ ይበልጥ ይወዛወዛል። እጃችሁን ፊት ለፊት አሳርፋችሁ አንድ እግር፣ ከዚያ ሌላውን ጉልበታችሁ የነበረበት አምጡ። እግሮቻችሁ ጎን ለጎን፣ ጉልበታችሁ ዘና ያለ፣ ዓይናችሁ ሩቅ። እግራችሁን ካያችሁ ትወድቃላችሁ። ብትወድቁም ከሰሌዳው ራቅ ብላችሁ በጀርባ ውደቁ፤ ዘላችሁ በጭንቅላት አትግቡ።

የመቅዘፊያው ጠፍጣፋ ክፍል ከእጀታው ጋር ቀጥ ያለ ሳይሆን ዘንበል ያለ ነው። ብዙ ጀማሪ ገልብጦ ይይዘዋል፤ ዘንበል ያለው ጫፉ ወደ ፊት መዞር አለበት።

ጉዞውን ስትጀምሩ መጀመሪያ ንፋሱን ተቃርናችሁ ሂዱ። ሲደክማችሁ ዞር በሉ፤ መመለሻውን ንፋሱ ይግፋላችሁ። ስልክ ውሃ በማያስገባ ከረጢት ይዛችሁ፣ ዳር ለቀረ ሰው ስንት ሰዓት እንደምትመለሱ ነግራችሁ ግቡ።