በበርሜል ውሃ ፓይተን መለማመድ

የምንኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ በረንዳችን ላይ 200 ሊትር የሚይዝ በርሜል አለን። የእህቴን ልጅ ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ላስለምደው ስነሳ፣ ላፕቶፑን ሳንከፍት በፊት ወደ በርሜሉ ወሰድኩት። እናንተም መልሱን በዓይናችሁ ከምታውቁት ነገር ጀምሩ። ኮዱ ሲሳሳት ወዲያው ትነቁበታላችሁ።

በቀን 45 ሊትር ይበቃናል እንበል። በርሜሉ ስንት ቀን ያቆየናል? መጀመሪያ በወረቀት ሥሩት። ከዚያ ሁለት ቫሪያብል፣ ማለትም ቁጥር የሚይዙ ስሞች፣ ጻፉ፦

ውሃ = 200
ፍጆታ = 45

ፓይተን 3 በአማርኛ ፊደል የተጻፈ ስም ይቀበላል። ፕሪንት (print)፣ ፎር (for)፣ ኢን (in)፣ ሬንጅ (range) የሚሉትን ግን በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የምትጽፏቸው።

አሁን ሦስቱን የማካፈያ ኦፕሬተሮች ፕሪንት አድርጉ። ውሃ / ፍጆታ 4.44 እያለ ይቀጥላል። ውሃ // ፍጆታ 4 ይላል፤ ሙሉ ቀኖቹ ናቸው። ውሃ % ፍጆታ ደግሞ 20 ይላል። የተረፈው ነው፣ ልክ አንድ ጀሪካን! ብዙ ጀማሪ ምልክቱን ሲያይ ፐርሰንት ይመስለዋል። እዚህ ግን ቀሪ ማለት ነው።

ሉፑ ላይ፣ ማለትም ትእዛዝ የሚደጋግመው ክፍል ላይ፣ ረጋ በሉ። «ፎር ቀን ኢን ሬንጅ(1, 5)» ብላችሁ መስመሩን በእንግሊዝኛው ሁለት ነጥብ (:) ዝጉ። ቀጣዩን መስመር 4 ስፔስ ወደ ውስጥ አስገቡና ፕሪንት(ቀን, ውሃ - ፍጆታ * ቀን) በሉ። ከየቀኑ ጎን 155፣ 110፣ 65፣ 20 ይወጣል። የእህቴ ልጅ ሬንጅ(1, 4) ጽፎ ሦስት መስመር ብቻ ሲወጣለት፣ «አክስቴ፣ አራተኛው ቀን የት ሄደ?» አለኝ። ሬንጅ መጨረሻ ላይ ያለውን ቁጥር አይጨምርም። ይህን ከበርሜሉ ጋር ካያያዛችሁት አትረሱትም።

ደግሞ ኪቦርዱን ተጠንቀቁ። ስሙን በአማርኛ ጽፋችሁ ሳትቀይሩት ከቀጠላችሁ የእኛው ፣ እና ፡ ይገባሉ፤ ፓይተን አይቀበላቸውም። ሁለት ነጥቦቹ በዓይን ስለሚመሳሰሉ ስህተቱን መፈለግ ልብ ያደርቃል።

ቀጥሎ በዋይል (while) ሞክሩት፦ ውሃ >= ፍጆታ እስከሆነ ድረስ፣ ውሃ -= ፍጆታ። ቅነሳውን ከረሳችሁ ሉፑ አይቆምም። ኮንትሮልንና ሲን (Ctrl+C) አንድ ላይ ተጭናችሁ አስቁሙት። መብራት ከሄደ አንድሮይድ ስልክ ላይ ፓይድሮይድ 3 የሚባለው የፓይተን አፕ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል።

ለነገ ይህችን ያዙ። ሁለተኛው ቀን ልብስ ታጥቦ 80 ሊትር ቢሄድስ? ቀን የሚቆጥር ቫሪያብልና አንድ ኢፍ (if) ጨምሩ። ሉፑ በሦስተኛው ቀን ቆሞ 30 ሊትር ካልቀረ፣ መጀመሪያ የኢፉን መስመር እዩ።