ለፕሉቶኒየም ማቆያ ማዕድን ስትመርጡ ከግራናይት ጀምሩ

ተማሪዎቼን የኑክሌር ቆሻሻ የሆነ ፕሉቶኒየም ለረጅም ዘመን ቆልፎ የሚይዝ ማዕድን ምረጡ ስላቸው አብዛኞቹ የሚጠሩት ዚርኮንን (የዚርኮኒየም ሲሊኬት ማዕድን) ነው። አይፈረድባቸውም፤ በምዕራብ አውስትራሊያ፣ ጃክ ሂልስ፣ 4.4 ቢሊዮን ዓመት ያስቆጠረ ዚርኮን ተገኝቷል። ግን ዕድሜ ሌላ፣ ጨረር መቋቋም ሌላ።

ዚርኮንም ሞናዛይትም (የፎስፌት ማዕድን ነው) ካለበት ግራናይት ቲን ሴክሽን፣ ማለትም ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ የድንጋይ ቁራጭ፣ አሠሩ፤ የተለመደው 0.03 ሚሊ ሜትር ይበቃል። በማይክሮስኮፕ ባዮታይቱ (ጥቁሩ ሚካ) ውስጥ ጨረር የተወውን ጠቆር ያለ ክብ ጥላ ፈልጉ፤ መሀሉ ላይ ብዙ ጊዜ ከሁለቱ አንዱ ተቀምጧል። የማይክሮስኮፑን ፖላራይዘሮች (የብርሃን ማጣሪያዎች) አቋልፋችሁ ናሙናው የተቀመጠበትን መድረክ ቀስ ብላችሁ አዙሩ። ጤነኛ ዚርኮን በደማቅ ቀለም ያበራል። ዩራኒየም የበዛበት ይደበዝዛል፤ ክፉኛ የተጎዳው ደግሞ የቱንም ያህል ብታዞሩት እንደጨለመ ይቀራል። አጠገቡ ያለውንም ማዕድን እዩ፦ ዚርኮን ክሪስታልነቱን ሲያጣ እስከ 18 በመቶ ገደማ ስለሚያብጥ ጎረቤቱን ይሰነጥቀዋል። ሞናዛይቱ ግን እጅግ የበዛ ቶሪየም ተሸክሞም አብዛኛውን ጊዜ ክሪስታል እንደሆነ ነው።

ፕሉቶኒየም 239 አልፋ ቅንጣት ሲተፋ የሚቀረው የዩራኒየም ኒውክሊየስ ወደ ኋላ ይፈናጠርና ሺህ ያህል ወይም ከዚያ የሚበልጡ አተሞችን ከቦታቸው ያነሣል። ከዚህ ምት የሚያመልጥ ማዕድን የለም። ስለዚህ የምትጠይቁት የተነሡት አተሞች ተመልሰው መሰለፍ ይችሉ እንደሆነ ነው። የሞናዛይት ፎስፌት በዝቅተኛ ሙቀት እንኳ ይጠገናል፤ የዚርኮን ሲሊኬት ግን አንዴ ከተበታተነ ለመመለስ ከፍ ያለ ሙቀት ይፈልጋል።

ቀጥሎ ቀመሩን አንብቡ። የፓይሮክሎር ቤተሰብ (ተመሳሳይ አወቃቀር ያላቸው ኦክሳይዶች) የሆኑትን ጋዶሊኒየም ቲታኔትንና ጋዶሊኒየም ዚርኮኔትን ጎን ለጎን አስቀምጡ። ቲታኔቱ በአዮን ጨረር (በተፋጠኑ አዮኖች) ሲደበደብ ቅርጽ አልባ ይሆናል፤ ዚርኮኔቱ ሥርዓቱ ቢዛነፍም ክሪስታል ሆኖ ይቆያል። ምክንያቱ የመጠን ጉዳይ ነው፦ ዚርኮኒየም በመጠን ከቲታኒየም ይልቅ ለጋዶሊኒየም ስለሚቀርብ ቦታ ቢለዋወጡ ብዙ አይከብዳቸውም። “እንግዲያው ዚርኮኒየም ያለበት ሁሉ ጥሩ ነው” እንዳትሉ፤ ዚርኮንም እኮ ዚርኮኒየም አለበት! ዚርኮኔት ግን በጣም ከፍ ባለ ሙቀት ካልሆነ ጥቅጥቅ ብሎ አይጋገርም። የጂኦኬሚስቱ ቴድ ሪንግውድ በ1978 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ሲንሮክ (የኑክሌር ቆሻሻ ማቆያ ሰው ሠራሽ ድንጋይ) በቲታኔት ላይ የተመሠረተ ነው፤ እኔም በጨረር መቋቋም ብቻ አልጥለውም።

ሞናዛይትን ከመረጣችሁ ቻርጁን አስሉ። የተለመደው ቦታ ባለ ሦስት ቻርጅ ነው፤ ባለ አራት ፕሉቶኒየም ስታስገቡ ቻርጁ እንዲመጣጠን ባለ ሁለቱን ካልሲየም አብራችሁ ጨምሩ።

ሙከራውን በአዮን ጨረር ብቻ አትጨርሱት። ፈቃዱና መከላከያው ያለው ላቦራቶሪ ካገኛችሁ ፕሉቶኒየም 238 የገባበት ናሙና ይሠራላችሁ። ግማሽ ዕድሜው 87.7 ዓመት ስለሆነ፣ የ239ኙ 24,100 ዓመት ሳይጠበቅ ጉዳቱ በጥቂት ዓመታት ይጠራቀማል። ከዚያ ናሙናውን ውሃ ውስጥ ነክራችሁ የሚወጣውን ለኩ፤ ሳይጎዳ ከነበረው ልኬት ጋር አስተያዩት።