ሚኒሞ ሲረበሽ የሚሠሩ ስህተቶች

መኪናው መብራት ላይ ሲቆም ይጠፋል፤ ወይም ሚኒሞው (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ዝቅተኛ ፍጥነት) ከፍ ዝቅ እያለ አልረጋ ይላል። እግር ከነዳጅ መስጫው ላይ ሲነሳ ለሞተሩ አየር የሚያሳልፈው የሚኒሞ ቫልቭ በጥላሸት ሲያዝ እንዲህ ያደርጋል። ብልሽቱ ቀላል ነው፤ የሚያወሳስቡት እጆቻችን ናቸው።

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ካቻቪቴ ይዞ በቀጥታ ወደ አየር መዝጊያው (ነዳጅ ሲረገጥ ለሞተሩ አየር የሚከፍተው ክዳን) ማቆሚያ ቪቴ መሮጥ ነው። እባካችሁ ልጆች፣ እርሷን አትንኩ! ሚኒሞ በቪቴ የሚስተካከለው በካርቡራተር ዘመን ነበር። በኮምፒውተር በሚሠራ ሞተር ላይ ግን ይህች ቪቴ መዝጊያው ግድግዳውን እንዳይነክስ በፋብሪካ ተለክታ የታሰረች ናት። ስትጠመዘዝ ዙሩ ይነሳል፣ ባለቤቱም አመስግኖ ይሄዳል፤ ጥላሸቱ ግን ካለበት አልተነቃነቀም። አንድ ኮሮላ እንዲህ ተነካክቶ መጣ። ሌላ ባለሙያ ቫልቩን በደንብ አጽድቶት ስለነበር ሚኒሞው በደቂቃ 1500 ዙር ገብቷል፤ ቫልቩ ሞቷል ተብሎም አዲስ ተገዝቷል፣ ለውጥ ግን የለም። የቪቴዋን አንገት ስናይ የፋብሪካው ቀለም ተሰንጥቋል። ወደ ቦታዋ ስንመልሳት ነገሩ አለቀ። የሰው ገንዘብ በከንቱ ፈሰሰ!

ስካነሩ (የመኪናውን የብልሽት ኮድ የሚያነበው መሣሪያ) ፒ0505 ስላለ ብቻ ቫልቭ አታስገዙ። ኮዱ የሚኒሞ መቆጣጠሪያው ሥርዓት ታውኳል ይላል እንጂ ቫልቩ ተበላሽቷል አይልም፤ የሻገተ ሶኬት ወይም የተበጠሰ ሽቦም ያመጣዋል። ፒ0507 ከሆነ ደግሞ ዙሩ ከሚገባው በላይ ነው ማለት ነውና የተሰነጠቀ የአየር ቱቦ ፈልጉ። ስንጥቁ ብዙ ጊዜ ከማሰሪያው ሥር ይደበቃል።

ራዲያተሩን ሳያዩ ቫልቩን መፍታትም አለ። በብዙ የቆዩ ቶዮታዎች ላይ የሞተሩ ሙቅ ውኃ በቫልቩ ሥር ያልፋል፤ ውኃው ጎድሎ አየር ከገባ ሚኒሞው ይዋዥቃል። ፍተሻው ከዚያ ይጀመር፤ ሞተሩ ሳይበርድ ግን ክዳኑን አትክፈቱ።

ጥላሸትን በካቻቪቴ መፋቅ ክልክል ነው። ማጽጃ ፈሳሽና ጨርቅ ይበቃል፤ የኤሌክትሪክ ክፍሉ አይነከር። ጓርኒሲዮኑም (በቫልቩና በማረፊያው መካከል ያለው ማሸጊያ) ይቀየር። የነዳጅ መስጫ ገመድ በሌላቸው፣ መዝጊያው በኤሌክትሪክ በሚንቀሳቀስባቸው መኪኖች ላይ ቁልፉ ተከፍቶ ሳለ መዝጊያውን በጣት አትግፉ፤ መዝጊያውን የሚያዞሩት የማርሽ ጥርሶች ሊሰበሩ ይችላሉ።

አጽድቶ ወዲያው ማስረከብም አይገባም። ኮምፒውተሩ የለመደው የቆሸሸውን ቫልቭ ነው፤ ኒሳንን የመሳሰሉት ሚኒሞውን እንደገና ማስተማር ይጠይቃሉ። ሞተሩ ይሙቅ፤ በአብዛኞቹ ትናንሽ መኪኖች ዙሩ ከ650 እስከ 750 አካባቢ ይረጋል። ከዚያ ኤሲውን አብሩ፦ ቫልቩ ጤነኛ ከሆነ ሞተሩ ጥቂት ዝቅ ብሎ ዙሩን ራሱ ይመልሳል።