ፋይሉ ሲዘገይ፣ ሲጠፋ፣ ሲደራረብ፦ የቢሮ ማከማቻ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ሰኔ 30 ሲቃረብ ከሒሳብ ቢሮዎች የሚመጣልኝ ስልክ ይበዛል። ጥያቄው ተመሳሳይ ነው፦ «ሰርቨሩ አልቻለም፤ የትኛውን ማከማቻ ብንገዛ ይሻለናል?» እኔም ፕሮፎርማ ከመሰብሰባችሁ በፊት ሕመሙን ንገሩኝ እላለሁ። አንዱ ዓይነት ማከማቻ የሚፈውሰውን ችግር ሌላው ያባብሰዋልና።

ናስ የሚባለው ኔትወርኩ ላይ ተቀምጦ ፋይል የሚያድል ትንሽ ሰርቨር ነው። ማን የትኛውን ፋይል እንደከፈተ ያውቃል። ሳን ግን ፋይል የሚባል ነገር አያውቅም፤ ለሰርቨሩ ጥሬ ዲስክ ያቀርብለታል፣ ሰርቨሩም በሆዱ ውስጥ እንደተገጠመ ዲስክ ይጠቀምበታል። ክላውድ ደግሞ በኢንተርኔት የሚደረስበት የኪራይ ቦታ ነው። ይህ ልዩነት ከዚህ በታች ባሉት ችግሮች ሁሉ ተመልሶ ይመጣል።

ምልክት፦ ፋይል ለመክፈት ረጅም ጊዜ ይወስዳል

መጀመሪያ የሚጠረጠረው ማከማቻው ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ ያለው መንገዱ ላይ ነው። አንድ ቢሮ ስደርስ ባለቤቱ ለአዲስ ናስ ሦስት ፕሮፎርማ ጠረጴዛቸው ላይ ደርድረው ጠበቁኝ። የሰርቨሩን የኔትወርክ ካርድ ሁኔታ ስከፍት ፍጥነቱ 100 ሜጋቢት ይላል። ካርዱም፣ ኬብሎቹን የሚያገናኘው ስዊችም 1,000 የሚችሉ ናቸው። ከሰርቨሩ የሚነሣውን ኬብል በእጄ እየዳሰስሁ ግድግዳውን ተከትዬ ሄድሁ፤ የብረት ፋይል ካቢኔት እግር ሥር እንደ ጥብጣብ ተጨፍልቆ አገኘሁት።

ለ1,000 ሜጋቢት በኬብሉ ውስጥ ያሉት 8 ሽቦዎች በሙሉ ያስፈልጋሉ፤ ለ100 ግን 4ቱ ይበቃሉ። ስለዚህ አንዲት ሽቦ ስትበጠስ ብዙ ጊዜ መስመሩ አይቋረጥም፤ ሁለቱ መሣሪያዎች ለማንም ሳይናገሩ ወደ 100 ይወርዳሉ። ያ ማለት በሰከንድ ቢበዛ 12 ሜጋባይት ያህል ነው፤ ጤነኛው መስመር 110 ገደማ ያሳልፋል። አዲስ ኬብል ዘረጋን፣ ፕሮፎርማዎቹም መሳቢያ ገቡ።

ፍጥነቱ 1,000 ሆኖ፣ ትልቅ ፋይልም በፍጥነት እየተገለበጠ፣ የሒሳብ ፕሮግራሙ ብቻ የሚጎተት ከሆነ ግን መንስኤው ሌላ ነው። በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ተበታትነው የተቀመጡ መረጃዎችን በሰከንድ መቶ ጊዜ ያህል ቢያነብ ነው፤ የሚሽከረከር ክፍል የሌለው ኤስኤስዲ ዲስክ በአሥር ሺዎች ያነባል። መረጃ ቋቱን ብቻ ወደ ኤስኤስዲ ያዛውሩ፤ ሰነዶቹና ስካኖቹ ባሉበት ይቆዩ። ፕሮግራሙ በጋራ ፎልደር ውስጥ ያለ ፋይል በየኮምፒውተሩ የሚከፍት ዓይነት ከሆነም የሒሳብ ሠራተኞችን ከዋይፋይ አውጥተው በኬብል ያገናኙ። በጽሕፈት መሐል ዋይፋይ ሲቆራረጥ እንዲህ ያለ ፋይል ሊበላሽ ይችላል።

ምልክት፦ አንደኛው ሰርቨር የጻፈውን ሌላኛው አያየውም፤ ቆይቶም ፎልደሮች ይበላሻሉ

መንስኤው ሳንን እንደ ናስ መጠቀም ነው። አንድን የአይስካዚ ዲስክ (ሳን በኔትወርክ የሚያቀርበውን ጥሬ ዲስክ) ለሁለት ሰርቨሮች ያገናኙና ሁለቱም ላይ ሲከፈት «ተጋራ» ብለው ይደሰታሉ። እያንዳንዱ ሰርቨር ግን ዲስኩ የእኔ ብቻ ነው ብሎ ስለሚያምን አንዱ የጻፈበት ላይ ሌላው ይጽፋል። መሐል ገብቶ የሚዳኝ የለም። ወዲያውኑ አንዱን ያላቅቁ፣ ከመጠገንዎ በፊትም የዲስኩን ሙሉ ቅጂ ይውሰዱ። ዓላማው ፋይል መጋራት ብቻ ከነበረ የሚያስፈልግዎ ናስ ነው። ሳን ቦታው ብዙ ቨርቹዋል ሰርቨሮች (በአንድ ማሽን ውስጥ በሶፍትዌር የተፈጠሩ ሰርቨሮች) የሚያስተዳድር ድርጅት ነው፤ እዚያም ለጋራ አጠቃቀም የተሠራ የፋይል ሥርዓት ይጠይቃል። ሃያ ሠራተኛ ላለው ቢሮ ሳን እንዲገዛ መክሬ አላውቅም።

ምልክት፦ ሣጥኑ ይጮኻል

እባክዎ ጩኸቱን አያጥፉ። አንድ ድርጅት ውስጥ ድምፁ ስላስቸገራቸው ማስጠንቀቂያውን ዘግተው ለወራት ሠርተዋል። ሲጠሩኝ ሁለተኛውም ዲስክ ሞቶ ነበር። ሁለቱ ዲስኮች አንዱ የሌላው መስታወት ሆነው የተገጠሙ ስለነበር አንዱ ሲሞት ሥራው አልቆመም፤ ስላልቆመም ማንም አልደነገጠም። የስድስት ዓመት ደረሰኝና ውል የያዘውን ያንን ሣጥን ከፊቴ አስቀምጠው ሲያዩኝ የምላቸው ጠፋኝ።

እንዲህ ዲስክ ቢሞት ሥራው እንዳይቆም ብዙ ዲስኮችን ማጣመር ሬይድ ይባላል፤ ሬይድ የሚሰጠው ጊዜ ነው። ሬይድ 5 የአንድ ዲስክ ሞት ይችላል፤ ሬይድ 6 የሁለት። ጊዜው ደግሞ አጭር ነው፦ የሞተውን የሚተካው አዲስ 8 ቴራባይት ዲስክ በሰከንድ በ150 ሜጋባይት ቢሞላ እንኳ 15 ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ቢሮው እየሠራበት ከሆነ ከዚያም በላይ። በዚያ ሁሉ ሰዓት የቀሩት ዲስኮች ከዳር እስከ ዳር ይነበባሉ፤ አብረው ተገዝተው አብረው ያረጁ ናቸውና ሌላው የሚደክመው ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ አራት ትልልቅ ዲስክ ላለው ሣጥን ሬይድ 6ን እመርጣለሁ፤ ግማሹን ቦታ መሠዋት ቢሆንም። መለዋወጫ ዲስክ አስቀድመው ገዝተው ያስቀምጡ። ሲገዙም ሲኤምአር (ጽሕፈቱ የማይደራረብ ዓይነት) መሆኑን ይጠይቁ፤ ኤስኤምአር የሚባሉት ዲስኮች ተደራራቢ ጽሕፈት ስለሚጠቀሙ መልሶ ሲገነባ እጅግ ይንቀራፈፋሉ። የሣጥኑ ማስጠንቀቂያም ኃላፊነት ላለው ሰው በኢሜይል እንዲደርስ ያድርጉ።

ምልክት፦ ፋይሉ ተሰርዟል፣ ወይም ስሙ ተለውጦ አልከፈትም ይላል

ሬይድ እዚህ ላይ ምንም አይረዳም፤ ስሕተቱን በሁሉም ዲስክ ላይ በታማኝነት ይጽፈዋል። ፋይሎቹ በጅምላ ስማቸው ከተለወጠ ቤዛ ጠያቂ ቫይረስ ነው፦ መጀመሪያ የኔትወርክ ኬብሉን ይንቀሉ፣ ከዚያ ያስቡ። ናስዎ ስናፕሾት (ፋይሎቹ በየሰዓቱ የነበሩበትን ሁኔታ የሚይዝ ምስል) ካለው ከጥቃቱ በፊት ወደነበረው ሰዓት ይመለሱ። ኤስኤምቢ 1 የሚባለውን አሮጌ የፋይል መጋሪያም ይዝጉ፤ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 ዋናክራይ የተባለው ቤዛ ጠያቂ ቫይረስ በዓለም ዙሪያ የተዛመተው በእሱ ቀዳዳ ነው። ከዚህ ሌላ በየሳምንቱ ተቀድቶ፣ ተነቅሎ፣ ከቢሮው ውጭ የሚያድር አንድ ውጫዊ ዲስክ ይኑርዎ። ካልተሰካ ዲስክ ላይ ቫይረስ አይደርስም።

ምልክት፦ ክላውድ ላይ መጫኑ አያልቅም፣ አንዱ ፋይል ሁለት ይሆናል

1 ቴራባይት በ10 ሜጋቢት የመጫኛ ፍጥነት ሳይቋረጥ ቢሄድ ከ9 ቀን በላይ ይወስዳል። መስመሩ በሚቆራረጥበት ቢሮ ከዚያም ይብሳል። የመጀመሪያውን ጭነት በሌሊትና በክፍል በክፍል ያድርጉት፤ ቪዲዮና ትልልቅ ስካን ናሱ ላይ ይቅር። ፋይሉ ሁለት የሚሆነው ደግሞ ሁለት ሰዎች ኢንተርኔት በሌለበት ሰዓት አንዱን ሰነድ አርመው ሲያስቀምጡ ነው። ሥርዓቱ መምረጥ ስለማይችል ሁለቱንም ያስቀምጣል። የሒሳብ ፕሮግራም መረጃ ቋትን ግን እንዲህ ከክላውድ ጋር ራሱን በሚያመሳስል ፎልደር ውስጥ ፈጽሞ አያስቀምጡ፤ ተከፍቶ እያለ በግማሽ ይቀዳል።

ምልክት፦ መብራት ከጠፋ በኋላ ናሱ አይነሣም

ለመጻፍ ተራ ይጠብቅ የነበረ መረጃ ከመብራቱ ጋር ጠፍቷል። ደጋግመው አያጥፉና አያብሩ፤ የዲስክ ምርመራውን ያስጀምሩና እስኪጨርስ ይተዉት። መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆየው ዩፒኤስ ብዙ ቢሮ አለው፤ ከዩፒኤሱ ወደ ናሱ የሚሄደው የዩኤስቢ ገመድ ግን አብዛኛውን ጊዜ ካርቶኑ ውስጥ ቀርቷል። ያለ እሱ ናሱ መብራት መጥፋቱን አያውቅም፤ ባትሪው ሲያልቅ አብሮ ይወድቃል። ገመዱን ይሰኩ፣ በናሱ ቅንብር ውስጥ «ባትሪው ከመድከሙ በፊት ዝጋ» የሚለውን ያብሩ። ከዚያ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሠራተኛው ሲወጣ፣ የዩፒኤሱን ሶኬት ከግድግዳው ነቅለው ናሱ በራሱ እስኪዘጋ አጠገቡ ይቁሙ።